ከጄኔቭ እስከ ደምበጫ፦ የበላይ ዳኛ የሌለበት ዓለምና የኃይል ሚዛን

በዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት «ሥርዓተ አልበኝነት» ሲባል ሁከትና ዝርፊያ ማለት አይደለም። ከመንግሥታት በላይ ሆኖ የሚዳኝና አጥፊውን የሚቀጣ አካል የለም ማለት ነው። ሰው ቢበደል ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ አገር ስትወረር ግን አስገድዶ የሚያስቆምላት ጣቢያ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር ህልውናውን ራሱ ይጠብቃል፤ ይህ ራስን መርዳት ይባላል። ብቻውን የማይችል ደግሞ ከሌሎች ጋር ተባብሮ የበረታውን ለመግታት ይሞክራል። የኃይል ሚዛን የሚባለው ይኸው ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔዝ ዋልትዝ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል፤ ኢትዮጵያ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቀድማ በደም ተምራዋለች።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነሳል የሚለውን ቃል ይዛ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ስትወር ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልከለከለም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን በሂትለር ላይ ይፈልጉት ነበር። በአንጻሩ ጣሊያን እንድትዳከም የፈለገው ሂትለር ለኢትዮጵያ በምስጢር መሣሪያ ላከ፤ ለእኛ አዝኖ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ አቤት ካሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሣ።

ወራሪው በሃይማኖትም ሚዛን ይፈልግ ነበር። በኢትዮጵያ መስጊድ አሠራ፤ ሙሶሊኒም መጋቢት 1929 ዓ.ም. ትሪፖሊ ላይ ሰይፍ ተቀብሎ የእስልምና ጠባቂ ነኝ አለ። ያ ሰይፍ የተሰጠው መስከረም 1924 ዓ.ም. ዑመር አል ሙኽታርን የሰቀለው ይኸው አገዛዝ በሚገዛት ሊቢያ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ከሂትለር ጎን ወደ ጦርነቱ ስትገባ ግን ሁሉም ተገለበጠ። በኅዳር 1931 ዓ.ም. የጣሊያንን ግዛት ያጸደቀችው እንግሊዝ አሁን ለንጉሡ መንገድ ከፈተች። ለአምስት ዓመት ያህል የጎጃም አርበኞች ያለ ደጋፊ ሲዋጉ ቆይተዋል፤ ራስን መርዳት ማለት እሱ ነበር። በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ያሉበት አነስተኛ ጦር በጎጃም ገባ። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር ደምበጫ አጠገብ ከስደተኞች የተመለመለውን 2ኛውን የኢትዮጵያ ባታሊዮን አገኘው። ባታሊዮኑ ከእሱ እጅግ የሚበልጥ ጦር ገጥሞ ብዙ ሰው ሞተበት፣ ቆሰለበት፤ ጣሊያኖቹ ጥሰው አለፉ። ቢሆንም ደምበጫን ለቀቁ፤ ንጉሡም መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ወዳጅነቱ ዋጋ ነበረው። በጥር 1934 ዓ.ም. ስምምነት መሠረት ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ቆየ፤ አማካሪዎቿም በመንግሥቱ ውስጥ ተሰገሰጉ። ንጉሡ ይህንን ለማመጣጠን ሌላ ኃያል ፈለጉ። በየካቲት 1937 ዓ.ም. በስዊዝ ቦይ መስመር ባለው ሐይቅ ላይ፣ በጦር መርከብ ውስጥ፣ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ።