ግማሽ ቧንቧ፦ ከዋሽንግተን እስከ ኒውዋርክ

እስቲ ከአንድ ቃል እንነሳ። «እርሳስ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ የምንጽፍበትንም፣ ከባዱን ብረትም። የምንጽፍበት ውስጡ ግራፋይት ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። የዛሬው ወሬያችን ስለ ሌላኛው ነው።

እርሳስ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ቶሎ አይበሳም። ለዚህም ሮማውያን የውኃ ቧንቧ ሠሩበት። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ግን ያኔውኑ ከእርሳስ ይልቅ የሸክላ ቧንቧ ለጤና እንደሚሻል ጽፎ ነበር። ያም ሆኖ የአሜሪካ ከተሞች በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእርሳስ ቧንቧ በብዛት ቀበሩ። አዲስ መቅበር በሕግ የተከለከለው በ1986 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተቀበረውስ? እዚያው ቀረ። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ለሕፃን ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም።

ታዲያ ሰው እንዴት ለዘመናት ጠጣው? መልሱ ቧንቧው ውስጥ ነው። በግድግዳው ላይ ስስ ቅርፊት ይጋገርና ውኃውን ከብረቱ ይለየዋል። ቅርፊቱ የሚጸናው ግን የውኃው ኬሚስትሪ ካልተለወጠ ነው። በኅዳር 2000 የዋሽንግተን ዲሲ ውኃ ማከሚያ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተቀየረ። ምክንያቱ በጎ ነበር፤ ክሎሪን የሚፈጥራቸውን ጎጂ ውህዶች ለመቀነስ ነው። ነገር ግን በክሎሪን ጸንቶ የኖረው ቅርፊት መሟሟት ጀመረ፤ እርሳሱም ወደ ብርጭቆ ወረደ። አብዛኛው ነዋሪ ይህን የሰማው በጥር 2004፣ ዋሽንግተን ፖስት ሲጽፈው ነው። ከተመረመሩት 6,000 ገደማ ቤቶች ከ4,000 በላይ የሚሆኑት በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በላይ ተገኝቶባቸው ነበር፤ ይህ ያኔ የአሜሪካ ሕግ እርምጃ ይወሰድ ይል የነበረበት ልክ ነው።

ከዚያ መቀየሩ ተጀመረ። ችግሩ ግን አንዱ ቧንቧ ሁለት ባለቤት አለው። ከመንገዱ ሥር ያለው የከተማው፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ስለዚህ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች የውኃ ድርጅቱ የራሱን ግማሽ ብቻ ቀይሮ ሄደ።

በምህንድስና ዓይን ይህ ግማሽ ሥራ ብቻ አይደለም። መጋዙ ቅርፊቱን ያራግፋል፤ አዲስ መዳብ ከአሮጌ እርሳስ ጋር ሲገናኝም እርሳሱ ይበልጥ ሊበላ ይችላል። ውኃው ለጊዜው ከበፊቱ ሊብስ ይችላል ማለት ነው።

በፍትሕ ዓይንም ያው ነው። ቀሪውን ግማሽ ለማስቀየር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስፈልግ ነበር። ያለው ከፈለ፤ የሌለው ተወው። ተከራይ ደግሞ ገንዘብ ቢኖረውም የሚወስነው እሱ አይደለም። የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዲሲን መዝገብ ሲያዩ፣ ሙሉ ቧንቧ ያስቀየሩት በብዛት ሀብታም ሰፈሮች ነበሩ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰፈሮች ወደ ኋላ ቀርተዋል። የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ዲሲ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በዚያው በ2004 በወጣ ሕግ አማርኛ የከተማዋ ወሳኝ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ማስጠንቀቂያ በማይገባህ ቋንቋ ቢደርስህ፣ አልደረሰህም።

ኒውዋርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ መጀመሪያ በዚያው መንገድ ልትሄድ ነበር፤ ባለቤቶች እስከ 1,000 ዶላር እንዲያዋጡ ጠየቀች። ነዋሪው ግን ዝም አላለም። በ2018 የመምህራን ቡድን ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሆኖ ከተማዋን ከሰሰ። በ2019 ከተማዋ 120 ሚሊዮን ዶላር ብድር አግኝታ ቅየራውን ነጻ አደረገችው። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ስለሆነም፣ ሠራተኞች የባለንብረቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ መቀየር እንዲችሉ ደንብ አወጣች። የከተማዋ ልጆችም ሠልጥነው ከቁፋሮው ሥራ ድርሻ አገኙ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከ23,000 በላይ መስመሮች ተቀየሩ። ዲሲም ከ2019 ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ ግማሽ ቧንቧ መቀየርን በሕግ አቆመች።

ልብ በሉ፣ በሁለቱ ከተሞች መዳቡ ያው መዳብ፣ ቁፋሮውም ያው ቁፋሮ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሦስት ጥያቄዎች ነው፦ ማን ይከፍላል? ማን ይፈቅዳል? ማንስ ይሰማል? እነዚህን ለነዋሪው ሳያቀርብ መቆፈር የጀመረ መሐንዲስ፣ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም የሚቀይረው ግማሹን ነው።