ከጅቡ በፊት የመጣው፦ የአውሬ አስፈሪ ፊልም ከሲሪንቃ ሲታይ

ሰው በዱር ከአንድ አውሬ ጋር የሚተናነቅበት ፊልም ሥር የሰደደ ልማድ አለው፤ አውሬው ከመምጣቱ በፊት ስለሆነው ነገር ብዙም አያወራም። ምክንያት ቢሰጥ እንኳ በአንዱ ገጸ ባሕርይ አፍ ባጭሩ ተነግሮ ያልፋል፤ ተመልካቹም ወደ ጥርሱና ወደ ደሙ ይመለሳል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ዘውጉ በዚህ ልማዱ የታሪኩን ዋና ክፍል እየጣለ ነው የሚል ነው። ማስረጃው ከሁለት ቦታ ይመጣል፦ ከኬንያው ጻቮ እና በወልድያና በመርሳ መካከል ከምትገኘው ከሀብሩ ወረዳዋ ሲሪንቃ፣ ከነአካባቢዋ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ የከብት በሽታ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1898 እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ፣ በጻቮ ወንዝ ድልድይ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሠራተኞች ሁለት ወንድ አንበሶች ለወራት ከድንኳናቸው እየጎተቱ በሉ። የድልድዩ ሥራ ኃላፊ ጆን ሄንሪ ፓተርሰን ዓመቱ ሳያልቅ ሁለቱንም ገደላቸው። ቆዳቸው በ1920ዎቹ ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ተሸጦ፣ እንደ ሕያው አንበሳ ተሰናድቶ ዛሬም ይታያል። ሲኒማ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ወስዶታል። በ1952 «ብዋና ዴቭል» ተሠራ፤ በ1996 ደግሞ ስቲቨን ሆፕኪንስ ያዘጋጀው፣ ቫል ኪልመርና ማይክል ዳግላስ የተወኑበት «ዘ ጎስት ኤንድ ዘ ዳርክነስ» መጣ። ይህ ፊልም በድምፅ ሥራው ኦስካር አግኝቷል፤ ይገባዋልም። አንበሶቹን ግን ለጥፋት የተላኩ መናፍስት አድርጎ ነው የሚያቀርባቸው። ጎፈር ያልነበራቸውን የጻቮ አንበሶች ጎፈር ማልበሱ ከዚህ አንጻር ትንሹ ጥፋት ነው።

ሳይንሱ ሌላ ይላል። ፓተርሰን በኋለኛው ዘመኑ የተበሉትን ሰዎች 135 አድርሷቸው ነበር፤ ከአንበሶቹ ጸጉርና አጥንት በተወሰደ ናሙና ላይ ተመሥርቶ በ2009 የታተመ ጥናት ግን ቁጥሩን ወደ 35 ገደማ አወረደው። ከሁለቱ አንዱ የክራንቻ ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ መግል ቋጥሮ እንደነበር ከራስ ቅሉ ታውቋል። ተመራማሪዎች ከጥርሱ ጎን የሚያነሡት ሌላ ምክንያት አለ፤ በ1890ዎቹ የአካባቢውን ጎሽና የቀንድ ከብት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ጨርሶት ነበር።

ያ በሽታ ወደ ደቡብ የወረደው በእኛ አገር በኩል ነው። በ1887 ጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገብቶ፣ ከኢትዮጵያ የቀንድ ከብት 90 በመቶ ያህሉን እንደፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተደረበበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ዘመን ክፉ ቀን የተባለው ስለዚህ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የጊዜውን ምስክርነቶች አሰባስቦ እንዳሳየው፣ በዚያ ዘመን ጅብ፣ ነብርና አንበሳ በጠራራ ፀሐይ ሰው ማጥቃትና ወደ ሰው መኖሪያ መዝለቅ ጀምረው ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። መጀመሪያ በሬው ሞተ፤ ቀጥሎ ሰው ተራበ፤ ከዚያ ቀባሪ ጠፋ። ጅቡ በሕያው ሰው ላይ የደፈረው ያልተቀበረውን ከለመደ በኋላ ነው ብሎ መገመት ከሰይጣን ተረት ይልቅ ያስኬዳል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ጻቮና የእኛ ክፉ ቀን የአንድ ታሪክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሆሊውድ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ወስዶ ሠራ።

የመጀመሪያውን ክፍል ማን ይሥራው? ሲሪንቃን የምመርጠው ለሥፍራው ስል ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ስሟ ይበልጥ የሚነሣው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። አገሩ የማሽላ አገር ነው። ደጋሊትንና ጅጉርቴን የመሳሰሉት የአገሬው ዘሮች በበልግ ዝናብ ተዘርተው ክረምቱን አሳልፈው የሚደርሱ፣ ቁመታቸውም ሰው የሚውጥ ነው። ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፉንና ዝንጀሮውን ያባርራል። ከማማው ላይ የሚታየው የማሽላው ራስ ብቻ ነው፤ ከሥር የሚሄደው አይታይም፤ አገዳው ሲነቃነቅ ግን ይታወቃል። ስፒልበርግ በ1975ቱ «ጆውስ» የማሽኑ ሻርክ እየተበላሸ ስላስቸገረው አውሬውን ደብቆ የባሕሩን ገጽ አስፈሪ አደረገው። እዚህ ያንን ሥራ ማሽላው ያለ ወጪ ይሠራዋል። (ማዕከሉ ከድርቅ እንዲያመልጡ ብሎ የሚያወጣቸው ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች በአብዛኛው አጠር ይላሉ፤ ለገበሬው በጎ፣ ለካሜራው ኪሳራ።)

አውሬውም ቢሆን ከዚሁ አገር መሆን አለበት። በጆ ካርናሃን «ዘ ግሬይ» (2011) ከአውሮፕላን አደጋ የተረፉ ሰዎችን እያሳደደ የሚጨርሰው የተኩላ መንጋ ነው፤ በሰሜን ወሎ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖረው የተኩላ ዘመድ ቀይ ቀበሮ ግን አይጥ አዳኝ ነው፤ እሱን ይዞ ማንንም ማስፈራራት አይቻልም። ያለን ጅብ ነው። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የሚለው ተረት ለዘውጉ የተጻፈ ደንብ ይመስላል። ፍርሃት የሚሠራው በማነከሱ ጊዜ እንጂ በንክሻው አይደለም፤ አብዛኞቹ የዘመኑ የአውሬ ፊልሞች የሚበላሹትም ንክሻውን ስለሚያስቀድሙ ነው። ፊልም ሠሪው የእንስሳውን ጠባይ ቢያጠና ደግሞ ሌላ ሀብት ያገኛል። በተረት አያ ጅቦ የምንለው ወንዱን ነው፤ በእውነተኛው መንጋ ግን ገዥዋ ሴቷ ናት፤ በአካልም ትበልጠዋለች። ጩኸቱ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ይሰማል። ሳቅ የሚመስለው ድምፁ ደስታ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የጭንቀትና የሽሚያ ነው።

የጅብ ጠባይ ከሰው ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ የሚያሳይ ጥሩ ጥናት ከትግራይ አለን። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት የጅብ ኩስ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ እየሰበሰቡ መረመሩ። የአህያ ጸጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወደ 33.1 ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ሰው ሥጋ ሲተው የእርዱ ትራፊ ይጠፋል፤ ጅቡም ወደ አህያው ይዞራል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ ሀብሩ መገልበጥ ግን ስሕተት ነው። እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋሕዶ ስለሚኖር እርዱ በሁዳዴ ጨርሶ አይቆምም። የሚወሰደው ቁጥሩ ሳይሆን አካሄዱ ነው፤ ጅቡ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጀመሪያ በመንደሩ ጓዳ ምን እንደጎደለ ማየት።

ከዚህ አካሄድ የሚያስወጣ ቀላልና አደገኛ መንገድ አለ፤ እሱም ቡዳ ነው። ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት ለአስፈሪ ፊልም የተዘጋጀ ያለቀ ድርሰት ይመስላል። ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ አጥንቶ በ1974 ያሳተመው ጽሑፍ እንደሚያሳየው ግን እምነቱ የሚያርፈው በማንም ላይ አይደለም፤ መሬት በሌላቸው፣ ብረት በሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው። ማረሻውን የሠራውን እጅ ጅብ አድርጎ በስክሪን ማሳየት የቆየ ግፍን በአዲስ መሣሪያ ማደስ ይሆናል። ለእኔ ይህ የጥበብ ነጻነት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ መጥፎ ድርሰትም ነው። ጻቮ ላይ አንበሳውን መንፈስ ያደረገው ስንፍና እዚህ ጎረቤትን ጅብ ያደርጋል።

የአማርኛ ሲኒማ ልብ አንጠልጣይ የሚለው ዘውግ አለው፤ ውጥረቱ ግን ባመዛኙ የከተማ ወንጀልና ክህደት ነው። ገጠርና እንስሳ በአንድ ላይ ከመጡባቸው ጥቂት ፊልሞች አንዱ፣ በ2015 በካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»፣ መንገዱን ጀምሮታል። ልጁ ኤፍሬም እናቱን በረሃብ ያጣ ነው፤ የሚወዳትን በጉን የሚያሰጋትም የዱር አውሬ ሳይሆን የአጎቱ የበዓል ቢላ ነው። ከዚህ ወደ ጅቡ የቀረው ርቀት አጭር ይመስለኛል። የሲሪንቃው ፊልም ባዶ በረት ያሳየን፤ ጅቡን እኩሌታው እስኪያልፍ አያሳየን።

ለዚህ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ በመዛግብት ብቻ አይገኝም። ክፉ ቀንን በዓይኑ ያየ የለም። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብን ያዩ ሰዎች ግን በሀብሩ፣ በመርሳና በወልድያ ዛሬም አሉ። በ1966 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ አሁን ስድሳ ዓመት አልፎታል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እነዚህን አባቶችና እናቶች በዚያ ጊዜ ጅቡ ምን ያደርግ እንደነበር፣ ከዚያም በፊት በረቱ መቼ ባዶ እንደሆነ ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅረጹ። ስክሪፕቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።