የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በቤት ማስተማር፦ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወላጆች

በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ነው። ለቁርኣን ሒፍዝና ለሰላት ሰዓት ስለሚያመች የሚመርጡት ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ብዙ ወላጆች «እኔ የማላውቀውን ኬሚስትሪ እንዴት ላስተምር?» ብለው ይጨነቃሉ። ለዚህ መፍትሔ አለው። ልጁን ኮሌጅ በር ላይ ሊያስቀረው የሚችለው መዝገብ አለመያዝ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ቨርጂኒያ፦ ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የሚሰጡትን ትምህርቶች ዝርዝርም ያያይዛል። በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም ግምገማ ያቀርባል።

ሜሪላንድ፦ ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል። በካውንቲው ክትትል ሥር የሆነ ቤተሰብ የልጁን ሥራዎች ሰብስቦ ለግምገማ ያሳያል።

ከባድ ትምህርቶች

ሒሳብ፦ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ ከዚያም አልጀብራ 2 የተለመደው ቅደም ተከተል ነው። ካን አካዳሚ ሁሉንም በነፃ ያስተምራል። የወላጅ ድርሻ ልጁ ጥያቄዎቹን በወረቀት መሥራቱን በየቀኑ ማየት ነው።

ሳይንስ፦ ቀላል ሙከራዎችን በማዕድ ቤት መሥራት ይቻላል። ለምሳሌ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ በቀይ ጥቅል ጎመን ውኃ ሲፈተሹ አሲድና ቤዝን በቀለም ይለያሉ። ልጁ ያየውን በደብተር ይጻፍ።

እንግሊዝኛ፦ ወላጅ ቋንቋው ባይሆንለትም ልጁ ያነበበውን በአማርኛ እንዲያስረዳው ማድረግ ይችላል። ጽሑፉን ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይረመው።

ከዚህ በላይ ለሆነው፣ ብዙ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። እዚያ የተገኘ ውጤት የወላጅን መዝገብ የሚያጠናክር የውጭ ማስረጃ ነው።

መዝገብ

በቤት ለተማረ ልጅ ትራንስክሪፕት የሚያዘጋጀው ወላጁ ነው። ስለዚህ ከ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የሚከተሉትን ይያዙ፦

• የትምህርቱ ስምና መጽሐፉ
• የተማረበት ሰዓት (ለአንድ ክሬዲት ቢያንስ 120 ሰዓት የተለመደ መነሻ ነው)
• የፈተና ውጤቶችና የተመረጡ ጽሑፎች

የኤፒ ፈተና በሜይ ይሰጣል፤ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት መፈለግ ያለበት ግን በመኸር ነው። ሕጉ ሊሻሻል ስለሚችል በየዓመቱ የካውንቲዎን መመሪያ ያረጋግጡ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ እውቀት ይስጣቸው።