ታሪክ ከመንደር ይጀምራል
ፍሉግሃፈን ለእኛ ለስደተኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት

«ታሪክ ሠሪው ሰፊው ሕዝብ ነው» የሚለውን መፈክር የማያውቅ የተማሪ ማኅበር አባል የለም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን አንዱ «በተወለድክበት ቀበሌ መሬቱ በማን እጅ ነበር? ገባሩ ለማን፣ ምን ያህል ይከፍል ነበር? እምቢ ያለው ማን ነው፣ መቼ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ያለው ጥቂቱ ነው። ስለ ሕዝብ በጅምላ መናገር ለምደናል፤ ሕዝቡን በየሥፍራው ማጥናት ግን አልለመድንም። ይህ ጽሑፍ በዚህ ድክመታችን ላይ የቀረበ ግለ ሂስ ነው።

ምሳሌውን ከቅርብ እናምጣ። ብዙዎቻችን የስደትን ምድር መጀመሪያ የረገጥነው በፍራንክፈርት ፍሉግሃፈን ነው። ይህ የአውሮፕላን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1936 በናዚዎች ዘመን ተከፈተ፤ በጦርነቱም ጊዜ የአየር ኃይል ሠፈር ሆነ። በኦገስት 1944 ናዚዎች 1,700 የሃንጋሪ አይሁዳውያን ሴቶችንና ልጃገረዶችን ከአውሽቪትዝ አምጥተው በጣቢያው ጥግ፣ በቫልዶርፍ ካምፕ አጎሯቸው። ለአዲሱ የጄት ተዋጊ አውሮፕላን መንደርደሪያ ለመሥራት በረሃብና በዱላ ዛፍ ቆረጡ፣ መሬት ደለደሉ፣ ሲሚንቶ ተሸከሙ። በኖቬምበር ካምፑ ሲዘጋ በሕይወት የነበሩት ወደ ራቨንስብሩክ ተጋዙ። አብዛኞቹ የጦርነቱን ፍጻሜ አላዩም።

ከጦርነቱ በኋላ ካምፑ ፈረሰ፤ ሥፍራውን ደን ዋጠው፤ በአደባባይ የሚያነሣውም ጠፋ። ዝምታውን የሰበሩት ፕሮፌሰሮች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1972 ከጎረቤት ከተማ ከሞርፌልደን የመጡ ሦስት ወጣት ኮሙኒስቶች በምሥራቅ ጀርመን አንድ የመታሰቢያ ሥፍራ ሲጎበኙ የቫልዶርፍን ስም በካምፖች ካርታ ላይ አዩ። «ይህ የእኛ ሠፈር አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ጥያቄ ተነሥቶ ሰነድ ተፈለገ፤ የተረፉት ሴቶች ተገኝተው ቃላቸውን ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የአካባቢው ተማሪዎች የተሳተፉበት የታሪክ መንገድ በደኑ ውስጥ ተከፈተ። ቆይቶም ወጣቶች የካምፑን ወጥ ቤት ምድር ቤት ቆፍረው አወጡ። ሰነድ፣ የሰው ቃልና መሬቱ ራሱ፣ ሦስቱ ተገናዝበው መሰከሩ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። መፈክሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን በደቡብ በጢሰኝነት የሚማቅቀው አራሽና በጎጃም ርስቱን ይዞ የሚያርሰው ገበሬ አንድ ዓይነት ጥያቄ አልነበራቸውም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ከግብሩ ይልቅ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነጠቅ መፍራቱ የሚገባው የሥፍራውን ታሪክ ለመረመረ ብቻ ነው። በአውሮፓ አዳራሾች ስለ ፊውዳሊዝም ሌሊቱን ሙሉ የተከራከረው ትውልድ ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ጠቅልሎ አልፎታል።

ሥራው ግን ከባዶ አይጀምርም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያቸው የየትውልድ ወረዳቸውን፣ የየከተማቸውንና የየገዳማቸውን ታሪክ ሽማግሌ እየጠየቁ ጽፈዋል። እነዚህ በታይፕ የተመቱ ጥራዞች ለታላላቆቹ የታሪክ መጻሕፍት ምንጭ ሆነዋል። በጎንደር አድባራት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ተመዝግቧል፤ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ ማን እማኝ ሆነ የሚለው እዚያ ይነበባል።

እዚሁ ፍራንክፈርት ውስጥም የፍሮቤኒየስ ተቋም አለ። ተመራማሪዎቹ ከ1934 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ደጋግመው ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዘምተው የሕዝቦቹን ሥርዓትና ትውፊት መዝግበዋል፤ ፎቶግራፍ አንሥተዋል፤ ሥዕል ሥለዋል። መጻሕፍቱ በጀርመንኛ ናቸው። ቃሉን የሰጠው ሽማግሌ የልጅ ልጅ ሊያነባቸው አይችልም። ጀርመንኛ ተምረን እዚህ የተቀመጥነው እኛ ካልተረጎምናቸውና በሂስ ካልመረመርናቸው ማን ያደርገዋል?

«የመንደር ታሪክ ጎጠኝነትን ያሳድጋል» የሚሉ ጓዶች አሉ። ስጋቱን አንንቀውም። ነገር ግን ጎጠኝነት የሚመገበው ባልተመረመረ ወሬ ነው። የአንድን ወረዳ ታሪክ በሰነድ የመረመረ ሰው በዚያው ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል በዳይና ተበዳይ እንደነበሩ፣ የጎረቤቱም ወረዳ ያንኑ ቀንበር እንደተሸከመ ያያል።

ስለዚህ እያንዳንዳችን አንድ ሥራ እንያዝ። በስልክም ሆነ በአካል አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ ቃላቸውን ከነስማቸውና ከነቀኑ እንመዝግብ፤ የግብር ደረሰኝና የርስት ክርክር ወረቀት እንዳይጣል ለቤተሰብ አደራ እንበል፤ የአንዱን ቃል ከሌላው እናገናዝብ። የቫልዶርፍ ሴቶች እስኪጠየቁ ድረስ ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ አለፈ፤ ብዙዎቹም በመካከሉ አረፉ። የእኛ ሽማግሌዎችም አይጠብቁንም።

የየመንደሩ ሕዝብ ታሪክ በሕዝቡ ልጆች ይጻፍ!