ከሰማይ ያልወረደው ተሕዋሲ

«ዘ አንድሮሜዳ ስትሬይን» የሚጀምረው ሰው ባለቀባት መንደር ነው። ሮበርት ዋይዝ፣ ማይክል ክራይተን በ1969 ካሳተመው ልብ ወለድ ተነሥቶ በ1971 የሠራው ፊልም ነው (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሕዋ የተመለሰ ሳተላይት ይዞት የመጣ ተሕዋሲ የመንደሩን ሰው በያለበት ይደፋዋል፤ የሚተርፉት የሚያለቅስ ሕፃንና አንድ ሰካራም ሽማግሌ ናቸው። አራት ሳይንቲስቶች ከመሬት በታች አምስት ደርብ ወዳለው ቤተ ሙከራ ወርደው ሁለቱ ለምን እንደ ተረፉ ይመራመራሉ። እኔ ግን ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የደምቢያ ሜዳ ነው።

የደምቢያዋ ከተማ ቆላ ድባ ከጎንደር ደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። ስሟ ቆላ ይበል እንጂ ከፍታዋ የወይና ደጋ ነው። ክረምት ላይ መገጭና ድርማ ወንዞች ይሞላሉ፤ መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ ዋልካው ላይ የሚቀረው ኩሬ ለወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

ጣና ዙሪያ ወረርሽኝን ቀድሞም ያውቀዋል። በ1866 ኮሌራ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ሐይቁ ዳር ሰፍሮ ሳለ ስላገኘው ንጉሡ ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ደጋ ወጥተዋል። ንዳድን ደግሞ ሰው በልማድ ይሸሸው ነበር፤ ለእርሻ ቆላ የወረደ ደገኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽቅብ ይመለሳል። ትንኟ በሌሊት እንደምትናከስ ማንም ሳይነግረው፣ የሚገድለው እዚያ ማደሩ መሆኑን ደርሶበታል። ይህን ያህል የተጣራ ምልከታ «አጉል እምነት» እያሉ ማጣጣል ለእኔ ግፍ ነው።

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ግን በልማድ የሚመለስ አልሆነም፤ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። የፊልሙ ጥያቄ እዚህ ይገለበጣል፤ ይህን ሁሉ ሰው ምን ጨረሰው? ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለይበት እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ፣ ከልጅነቱ እየታመመ ያደገ ሰው ከፊል መከላከያ ያበጃል። ወባ ወቅት ጠብቃ በምትመጣበት፣ አንዳንድ ዓመትም በምትቀርበት ወይና ደጋ ግን የጎልማሳውም ደም እንደ ሕፃኑ እንግዳ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ሲበዛ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ተመታ፤ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 እንደ ሞተ ተገምቷል።

ለደምቢያው እልቂት የተሰጠው መልስ ትምህርት ቤት ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ተከፍቶ ሄልዝ ኦፊሰሮችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን ያዘ። ደምቢያም በየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ የሚረጭበት የሙከራ ሥራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ሆነች። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ኋላ «ማጥፋት» የሚለው ቃል ወደ «መቆጣጠር» ዝቅ ብሏል።

የፊልሙ ተሕዋሲ ሳይታሰብ ጠባዩን ይለውጥና ለሰው የማይጎዳ ይሆናል። የእኛው የወባ ተሕዋሲ ጠባይ መለወጥ ግን እየባሰ ነው የሄደው። ለክሎሮኪን መድኃኒት አልበገር ሲል በ1998 ፋንሲዳር ተተካ፤ እሱም ሲሸነፍ በ2004 ኳርተም መጣ። ትንኟም ዲዲቲን ለመደችው። ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ምርመራው ከጣት የተወሰደች ጠብታ ደም መስተዋት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ከ2002 እስከ 2011 በዚህ መንገድ 59,208 የደም ናሙና ታይቶ በ23,473ቱ ወባ ተገኝቷል። ከሁሉ ይልቅ የተጠቁት ከ15 እስከ 44 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ያ ዋልካ የሚታረስበት ጉልበት፣ ነበሩ።