በነፃ ድረ ገጽ ለመክፈት የትኛውን መድረክ እንምረጥ? ለሐዋሳ ጀማሪዎች የቀረበ መመሪያ



ሐዋሳ ላይ አንድ ነገር ለሰው ማሳወቅ የፈለገ ሁሉ ዛሬ መጀመሪያ የሚከፍተው የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ነው። መድረሳው የምዝገባ ማስታወቂያውን እዚያ ይለጥፋል። ፒያሳ ያለው ልብስ ሰፊ የሥራውን ፎቶ እዚያ ያወጣል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዋም ከደርስ የያዘችውን ማስታወሻ እዚያ ታካፍላለች። ለዕለቱ ጉዳይ ይህ በቂ ነው። ችግሩ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው። ያ ማስታወሻ በሺህ መልእክት ሥር ይቀበራል፣ ጉግል ላይ ሲፈለግ በቀላሉ አይገኝም፣ አካውንቱ ከተጠለፈ ደግሞ የዓመታት ልፋት አብሮ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆይተዋል። በእነዚያ አምስት ወራት ቪፒኤን የማይጠቀም ሰው ከሚከታተለው ቻናል ተቆርጦ ነበር። የራሱ ድረ ገጽ ያለው ግን ጽሑፉን ማንበብ የሚፈልግ ሰው ሊያገኘው ይችል ነበር።

ይህ ማለት ድረ ገጽ አይነካም ማለት አይደለም። በግንቦት 1998 ዓ.ም ብሎግስፖት ላይ ያሉ ጦማሮች ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገው ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን ሲያስታውቅ ብዙዎቹ ለዓመታት ተዘግተው የቆዩ ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም።

የተከራይ ጥያቄ

በነፃ የሚገኝ ድረ ገጽ እንደ ኪራይ ቤት ነው። ቤቱ የኛ አይደለም፣ ዕቃው ግን የኛ ነው። አስተዋይ ተከራይ ስለ ቤቱ ቀለም ከመጠየቁ በፊት «ነገ ውጣ ብባል ዕቃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ የፍርሃት ወሬ አይደለም። በዘጠናዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ) ሚሊዮኖች የግል ገጻቸውን የሠሩት ጂኦሲቲስ በሚባል ነፃ አገልግሎት ላይ ነበር። ያሁ በ1999 ገዛው፣ በጥቅምት 2009 ደግሞ ዘጋው። ጽሑፉን አስቀድሞ ያላወጣ ሰው ብዙ ነገር አጣ። ጉግልም ቢሆን ጉግል ፕላስን በሚያዝያ 2019 ለግል ተጠቃሚዎች ዘግቷል። ትልቅ ኩባንያ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

«ነፃ» ሲባል ምን ምኑ ነው ነፃ?

አንድ ድረ ገጽ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። እነሱም ስም (ዶሜይን)፣ ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ (ሆስቲንግ) እና ገጹን የምንሠራበት ፕሮግራም ናቸው። ነፃ መድረኮች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይሰጡናል። ስሙ ግን ከኋላው የእነሱን መጠሪያ ያስከትላል፤ ለምሳሌ «የእርስዎ ስም ዶት ብሎግስፖት ዶት ኮም» ይሆናል።

የራሴ ብቻ የሆነ ስም ይኑረኝ ያለ ሰው ለዶት ኮም ዶሜይን በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ይከፍላል። የአገራችን መጠሪያ የሆነውን ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በዶላር መክፈል ለእኛ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ የብር ካርድ በአብዛኞቹ የውጭ ድረ ገጾች አይሠራም። ሁለተኛ፣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ሊዘል ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን የዓመት ክፍያ የደረሰበት ሰው ሳያስበው እጥፍ ሊጠየቅ ይችል ነበር። በነፃ መጀመር ብልህነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አምስቱ መድረኮች

ብሎገር። እ.ኤ.አ በ1999 ተጀምሮ በ2003 ጉግል የገዛው አገልግሎት ነው። ጂሜይል ያለው ሰው ወዲያውኑ ሊከፍት ይችላል። የግድ የሚለጠፍ ማስታወቂያ የለውም። በኋላ ዶሜይን ቢገዙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያያይዙበታል። ጽሑፎቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ማውረድ ይቻላል፤ ያንን ፋይል ዎርድፕረስ ይቀበለዋል። ለተከራዩ ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው ማለት ነው። ድክመቱ መልኩ ያረጀ መሆኑና ጉግል ለዓመታት ብዙ ማሻሻያ ያላደረገበት መሆኑ ነው። አንድ ጥንቃቄም ያሻል። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ ባይጽፉበትም አልፎ አልፎ ይግቡበት።

ዎርድፕረስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ላይ የሚገኘው ነፃ ፕሮግራም ሲሆን የሚጫንበትን ሆስቲንግ ራስዎ ይከፍላሉ። ዎርድፕረስ ዶት ኮም ደግሞ ከ2005 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ቦታውንም ጨምሮ የሚያቀርብ ኩባንያ ነው። የሁለተኛው ነፃ ፕላን መልኩ ያማረ፣ ለጽሑፍ የተመቸ ነው። ጽሑፍዎንም ማውጣት ይችላሉ። ነገር ግን ቦታው 1 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ ኩባንያው የራሱን ማስታወቂያ ያስገባበታል፣ የራስዎን ዶሜይን ለማያያዝም መክፈል ይጠበቅብዎታል። የማይመርጡት ማስታወቂያ በደርስ ጽሑፍ ጎን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ያስቡበት።

ጉግል ሳይትስ። ሳይለዋወጥ ለሚቆይ መረጃ ይመቻል። የመድረሳ የምዝገባ መስፈርት፣ የሱቅ አድራሻ፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ለመሳሰሉት ይሆናል። ማስታወቂያ የለውም፣ አሠራሩም ቀላል ነው። በየሳምንቱ አዲስ ጽሑፍ ለሚያወጣ ግን አይሆንም። ጽሑፎችን በቀን ቅደም ተከተል የሚደረድርበት የጦማር አሠራርም ሆነ የአስተያየት መስጫ የለውም።

ዊክስ። በ2006 (እ.ኤ.አ) እስራኤል ውስጥ የተመሠረተ ነው። በመጎተት ብቻ የሚያምር ገጽ ይሠራል። ነፃው ግን የዊክስን ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ቦታውም 500 ሜጋባይት ነው። ከሁሉም በላይ እዚያ የተሠራ ሳይት እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ አይወጣም። በተከራይ ጥያቄ ሲመዘን የሚወድቀው ይህ ነው።

ጊትሃብ ፔጅስ። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የሚመከር ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ፈጣን ነው፣ ፋይሉ ሁሉ በራስዎ ኮምፒውተር ላይም ይኖራል። የሳይቱ መጠን እስከ 1 ጊጋባይት ነው። በነፃ ሲጠቀሙ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ለንግድ ሥራ እንዲውል ግን ደንቡ አይፈቅድም። ኮድ ያልነካ ሰው ይቸገርበታል።

ለማን የቱ?

በስልክ ብቻ ለሚጽፍና በየሳምንቱ ማስታወሻ ለሚያወጣ ሰው ብሎገር ይሻላል። አንድ ጊዜ ሠርቶ ለሚተወው መድረሳ ወይም ሱቅ ጉግል ሳይትስ ይበቃል። ሥራውን ለቀጣሪ ማሳየት ለሚፈልግ የአይቲ ተማሪ ጊትሃብ ፔጅስ ራሱ ምስክር ይሆንለታል። ወደፊት ትልቅ ሳይት አደርገዋለሁ ብሎ ያሰበ ሰው በብሎገር ወይም በዎርድፕረስ ዶት ኮም ጀምሮ አቅሙ ሲደርስ ወደ ከፋዩ ዎርድፕረስ ይሻገራል።

ቴሌግራሙን መተው አያስፈልግም። ጽሑፉ በድረ ገጹ ይቀመጥ፣ ቻናሉ ደግሞ ሊንኩን ያድርስ። አንደኛው መጋዘን ሌላው መልእክተኛ ይሁን።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ልዩ ማሳሰቢያ

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ) ነው። ጂቦርድን በመሳሰሉ የስልክ ኪቦርዶች የሚጻፈው ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ የትም ይነበባል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ የቆየ ጽሑፍ ግን በቀጥታ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ሁለተኛው ነገር የጽሑፉ አድራሻ ነው። ብሎገር ላይ ርዕሱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ አድራሻው ርዕሱን ትቶ «ብሎግ ፖስት» የሚል ቃልና ቁጥር ብቻ ይይዛል። ዎርድፕረስ ላይ ደግሞ ሊንኩ ሲገለበጥ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት «ፐርማሊንክ» የሚለው ቦታ ገብቶ አጭር አድራሻ በላቲን ፊደል መስጠት።

ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። አንዱ «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ የድሮው ሰው ደግሞ «አዋሳ» ብሎ ይፈልጋል። «ሶላት» የሚል አለ፣ «ሰላት» የሚልም አለ። «ሐዲስ»ና «ሀዲስ»ም እንዲሁ። የፍለጋ ሞተር እነዚህን እንደ ተለያዩ ቃላት ሊያያቸው ይችላል። በርዕሱ አንዱን፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ሌላውን ብንጠቀም ፈላጊው በሁለቱም በኩል ያገኘናል።

አራተኛ፣ የቁርኣን አንቀጽ የሚያስገባ ሰው በእጁ አይተይበው። ተመርምሮ ከተዘጋጀ የዩኒኮድ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ከታንዚል፣ ይገልብጥ። ከአማርኛው ጋር በአንድ መስመር ከተቀላቀለ የቃላቱ ቅደም ተከተል ሊዘበራረቅ ስለሚችል አረብኛውን ለብቻው አንቀጽ አድርጎ ከቀኝ ወደ ግራ ያስተካክል።

ፎቶና ዳታ

የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ 4 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። አሥር ፎቶ የያዘ አንድ ጽሑፍ 40 ሜጋባይት ሊደርስ ነው። በሞባይል ዳታ የሚከፍት አንባቢ ይህን ከኪሱ ይከፍለዋል። አንዱን ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት ቢያወርዱት አሥሩ በ2 ሜጋባይት ያልቃል። በ1 ጊጋባይት ቦታ ላይም 250 የነበረው የፎቶ ብዛት ወደ 5,000 ይደርሳል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በግል ጦማር ላይ ይህ አያሳስብም። የመድረሳ፣ የጀመዓ ወይም የማኅበር ሳይት ሲሆን ግን ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የተለመደው ነገር አንድ ትጉህ ወጣት በራሱ ጂሜይል ይከፍተዋል፤ ተመርቆ ከሐዋሳ ሲሄድ ወይም ስልኩ ሲጠፋ ሳይቱ ያለ ባለቤት ይቀራል። ወጣቱ ጥፋት የለበትም፤ ከመጀመሪያው አደራው ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠቱ ነው ስህተቱ።

ስለዚህ በተቋሙ ስም አዲስ ጂሜይል ይከፈት። ብሎገር ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አስተዳዳሪ ይሁኑ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይብራ። የመጠባበቂያ ኮዶቹ ታትመው ከማኅተሙ ጋር አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ በአንድ ሲም ካርድ ላይ ብቻ መተማመን አይበቃም። የልጆች ፎቶና ስልክ ቁጥር ያለ ወላጅ ፈቃድ አይውጣ።

በነፃ የተከፈተ ገጽም ከሕግ ነፃ አይደለም። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በኢንተርኔት የሚሠራጭ ጽሑፍንም ይመለከታል። መደበኛ የዜና ሥራ የሚያስብ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን አስቀድሞ ያንብብ።

በመጀመሪያው ቀን የሚሠሩ ሥራዎች

1. አጭር፣ በስልክ ሲነገር የማያሳስት ስም ይምረጡ።
2. ሳይቱን ከፍተው «ስለ እኛ» የሚል ገጽና አንድ እውነተኛ ጽሑፍ ያስቀምጡ። ባዶ ሳይት አያስተዋውቁ።
3. በርካሽ ስልክና በሞባይል ዳታ ከፍተው ይሞክሩት።
4. በዚያው ቀን ባክአፑን አውርደው ፋይሉ በእጅዎ መግባቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ በየወሩ መጀመሪያ ይድገሙት፤ አንዱን ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላውን በኢሜይል ያስቀምጡ።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የሚጸጽተውም እሱ ነው። መድረክ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይለወጣል። ባክአፑ በእጁ ያለ ሰው ግን የትም ሄዶ እንደገና መክፈት ይችላል። ዛሬ የተያዘው የደርስ ማስታወሻ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተማሪ እንዲደርስ የዛሬ አሥር ደቂቃ ትበቃለች። አላህ ያግራልን።