ከፋብሪካ በር እስከ ባሕር ዳር፦ የትሱሩሚ የመንገደኛ ባቡር መስመር ታሪክ

መግቢያ

የምድር ባቡር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ሩቅ ለሩቅ ያሉ አገሮችን ከማገናኘቱ አንፃር ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛውን ጧት ወደ ፋብሪካ፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚያመላልሰው አጭር መስመርም የራሱ ታሪክ አለው። ስለ ኢንዱስትሪ ዕድገት የሚሰጠው ትምህርትም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በጃፓን አገር፣ በዮኮሃማና በካዋሳኪ ከተሞች የባሕር ዳርቻ የተዘረጋው የትሱሩሚ መስመር ነው። ዋናው መስመርና ሁለቱ ቅርንጫፎቹ ተደምረው ርዝመታቸው 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመሬቱና የሐዲዱ አመጣጥ

መስመሩ ከሚያልፍበት መሬት አብዛኛው ቀድሞ ባሕር ነበር። በሲሚንቶ ሥራ የከበረው አሳኖ ሶይቺሮ የዳርቻው ውኃ ጥልቀት ስለሌለው ታላላቅ መርከቦች ሊጠጉ አለመቻላቸውን ተመለከተ። ከዚህም በመነሣት የባሕሩን ወለል እየቆፈሩ ለመርከብ መተላለፊያ ለማውጣት፣ በተቆፈረው አፈር ደግሞ ዳርቻውን እየሞሉ ለፋብሪካ የሚሆን መሬት ለመፍጠር ዕቅድ አወጣ። ለሥራው የባንክ ባለቤት የነበረው ያሱዳ ዜንጂሮ በገንዘብ ደገፈው። ከ1913 እስከ 1928 ድረስ በተካሄደው ሥራም 500 ሄክታር ያህል አዲስ መሬት ተገኘ።

በአዲሱ መሬት ላይ ፋብሪካዎች ሲተከሉ ጥሬ ዕቃ የሚያስገባና ምርት የሚያወጣ ሐዲድ አስፈለገ። ስለዚህ የትሱሩሚ የባሕር ዳርቻ ባቡር ኩባንያ በ1924 ተቋቋመ፤ መስመሩም በ1926 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ግን ባቡሩ የሚጭነው ዕቃ ብቻ ነበር። መስመሩ በኤሌክትሪክ ኃይል መሥራትና ሰው ማመላለስ የጀመረው በ1930 ነው። ይህ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። ዕቃው ሐዲድ ሲያገኝ፣ ዕቃውን የሚያመርተው ሰው አራት ዓመት ጠብቋል።

የጣቢያዎቹ ስሞች

የጣቢያዎቹን ስም የሚመረምር ሰው የባለሀብቶችን መዝገብ የገለጠ ያህል ይሰማዋል። አሳኖ ጣቢያ የተሰየመው በመሥራቹ ስም ነው። አንዜን የተባለው ጣቢያ የያሱዳ ዜንጂሮን ስም በማሳጠር የተገኘ ነው። ሙሳሺ-ሺራይሺ የኒፖን ኮካን ብረት ፋብሪካ መሥራች የሆነውን የሺራይሺ ሞቶጂሮን፣ ኦካዋ ደግሞ በወረቀት ኢንዱስትሪ የታወቀውን የኦካዋ ሄይዛቡሮን ስም ይዘዋል። የመጨረሻው ጣቢያ ኦጊማቺ እንኳ ትርጉሙ የማራገቢያ ሠፈር ማለት ሲሆን፣ ይኸውም የአሳኖ ቤተ ሰብ ምልክት ከሆነው ማራገቢያ የተወሰደ ነው።

በየዕለቱ የተሳፈሩት ሠራተኞች፣ ከእነርሱም መካከል ከሩቁ የኦኪናዋ ደሴቶች መጥተው በትሱሩሚ የሰፈሩት፣ በስም ሰሌዳ ላይ አልተጻፉም። የእነርሱን ታሪክ ለማግኘት ስሙን ትቶ የባቡሩን የጊዜ ሰሌዳ ማንበብ ያስፈልጋል። ወደ ኦካዋ የሚሄደው ባቡር የሚታየው ጧትና ማታ፣ ሥራ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው። በእኩለ ቀን ሐዲዱ ባዶ ይሆናል። በ1940 የተከፈተው የኡሚ-ሺባውራ ጣቢያም እንዲሁ ነው። አንዱ ወገኑ የባሕር ውኃ፣ ሌላው የቶሺባ ኩባንያ ፋብሪካ በመሆኑ የጣቢያው መውጫ የፋብሪካው በር ነው፤ የሠራተኝነት መታወቂያ የሌለው ሰው አያልፍበትም። ኩባንያው በ1995 ከጣቢያው አጠገብ ትንሽ መናፈሻ እስኪከፍት ድረስ ሌላው መንገደኛ ወርዶ የሚያርፍበት ሥፍራ አልነበረም።

ለውጡና ያስከተለው ጥያቄ

በጦርነቱ ወቅት፣ በ1943፣ መንግሥት መስመሩን ከኩባንያው ወሰደው። በ1987 የመንግሥቱ ባቡር ድርጅት ወደ ግል ኩባንያዎች ሲዛወር መስመሩ ለምሥራቅ ጃፓን ባቡር ኩባንያ ደረሰ። ቀደም ሲል በ1971 ከትሱሩሚ በስተቀር ጣቢያዎቹ ሁሉ ያለ ሠራተኛ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። በዚህም ምክንያት የመንገደኛው ቲኬት በትሱሩሚ፣ ወደ ሌላው መስመር በሚሻገርበት በር ላይ ይመረመር ጀመር፤ ይህ በር እስከ 2022 ቆይቷል። በሙሳሺ-ሺራይሺ የነበረው የኦካዋ ቅርንጫፍ መሳፈሪያ እጅግ ጠማማ ስለ ነበረ 17 ሜትር ርዝመት ካላቸው አሮጌ ፉርጎዎች በቀር ሌላ አያስጠጋም ነበር። አሮጌዎቹ በ1996 ሲሰናበቱ መሳፈሪያው አብሮ ፈረሰ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የመጣው ከሐዲዱ ሳይሆን ከፋብሪካዎቹ ነው። ከኒፖን ኮካን የተወረሰው የአካባቢው ብረት ፋብሪካ የመጨረሻውን የብረት ማቅለጫ ምድጃ በሴፕቴምበር 2023 አጠፋ። ለአንድ ተግባር ብቻ የተሠራ መጓጓዣ የተግባሩን ዕድል ይጋራል። ፋብሪካው ሲሰፋ ባቡሩ ይሞላል፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ባቡሩ ማንን እንደሚያመላልስ አስቀድሞ ያልታሰበበት ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው በዳርቻው የቀረው ሠራተኛ ነው።

መደምደሚያ

ከትሱሩሚ መስመር ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዕቅድ አውጪዎችን የሚመለከት ነው፤ የሥራ ቦታ፣ የመኖሪያ ሠፈርና መጓጓዣ በአንድነት ካልታቀዱ አንዱ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ሁለተኛው የመምህራን ድርሻ ነው። የጣቢያ ስምና የጊዜ ሰሌዳ፣ ተራ ነገር ቢመስሉም፣ ለታሪክና ለጂኦግራፊ ትምህርት የሚያገለግሉ ማስረጃዎች ናቸው። ተማሪዎች ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያነቡ ቢደረግ ገንዘቡን ያወጣውን ከመጀመሪያው፣ ጉልበቱን ያዋለውን ከሁለተኛው ለይተው ለማየት ይችላሉ። ስሙ ያልተጻፈውን ሰው ታሪክ መፈለግ የሚለመደውም በዚህ ዓይነት ንባብ ነው።